ራዲዮ ዝም ሲል

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ በሙሉ «ራዲዮ» ነው የሚለው። መቀሱን ካነሳ ወሬው አያቋርጥም፤ ደንበኛ ጭንቅላቱ ቀሎት፣ ጆሮው ከብዶት ይወጣል። የዚህ ሰው ልጅ ግን ሦስት ዓመት አልፏትም ከ«እማ» እና ከ«እንካ» ሌላ ቃል አልነበራትም። ደንበኞቹ የሷንም ድርሻ አንተ ጨርሰህባት ነው እያሉ ይቀልዱበታል። አብሯቸው ይስቃል፤ ሲሄዱለት ግን ሆዱ ይባባል።

በኋላ ሐኪሟ ምክንያቱን አገኘችው። ልጅቷ ከተፈጠረች ጀምሮ ኤክስ ከሚባለው ክሮሞዞም አንድ ትርፍ አላት። ማንም ያጠፋው ነገር የለም። ትሰማለች፣ ይገባታል፤ የራሷ ቃል ግን አፏ እስኪደርስ ጊዜ ይፈጅባታል። የንግግር ባለሙያዋ ደግሞ ለአባትየው የቤት ሥራ ሰጠችው፦ ጠይቃት፣ ከዚያ አፍህን ዝጋና ጠብቅ፣ ቃሏን አትቀማት። ሚስቱ ይህን ስትሰማ፣ እንዲህ ያለ መድኃኒት እስከ ዛሬ የት ነበር ብላ በሳቅ ፈረሰች።

ቀላል መስሎት ነበር። ልጅቷ ገና «ው» ስትል ውሃ ይዞ ከተፍ ይላል፤ ሚስቱ በዓይኗ ስትገላምጠው ብርጭቆውን ይዞ ይመለሳል። እንደ ምንም ምላሱን መንከስ ለመደ። ቃላቱም እየተንቀረፈፉ መጡ፤ ቆይተው እርስ በርስ መያያዝ ጀመሩ።

ትምህርት ቤት የምትገባበት ጊዜ ሲደርስ ርዕሰ መምህርቷ ልጅቷን አባቷ ባለበት ላናግራት አለች። ካልመለሰችላት እኩዮቿ አንደኛ ክፍል ሲገቡ እሷ ሙአለ ሕፃናት ልትቀር ነው።

«እስቲ ስለ አባትሽ ንገሪኝ» አለቻት።

ልጅቷ ጠረጴዛውን አየች። ጫማዋን አየች። ርዕሰ መምህርቷ እስክሪብቶዋን ስታነሳ፣ ራዲዮ ጉሮሮው ላይ የደረሰውን «ዓይን አፋር ናት እኮ» መልሶ ዋጠው። ኮፍያውን ጨምድዶ ያዘ።

«አባቴ... ፀጉር ይቆርጣል» አለች ልጅቷ። ትንሽ ቆየች። «ብዙ ያወራል። ሰው ሁሉ ራዲዮ ይለዋል። እኔ ሳወራ ግን... ዝም ይላል።»

ርዕሰ መምህርቷ ሳቋ አመለጣት። የአንደኛ ክፍል ዩኒፎርም የት እንደሚሰጥ ነገረቻቸው። ራዲዮ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ኮርቶ አያውቅም።

ፀጉር ቤቱ ሲደርሱ ደንበኞቹ እንዴት ሆነ ብለው ተንጋጉ። ራዲዮ በዕድሜው እንዲህ ያለ ወሬ ይዞ አያውቅም፤ አፉን ሞልቶታል። ልጁን አንስቶ ከመስታወቱ ፊት ያለው ከፍ ያለ ወንበር ላይ አስቀመጣት፣ ባልደረባው የያዘውንም የሚጮህ የፀጉር መቁረጫ ማሽን አጠፋበት።

«ራሷ ትንገራችሁ» አለ። «የሚቸኩል ካለ በሩ ያውላችሁ።»

ማንም አልወጣም። ግማሽ ጭንቅላቱን የተላጨው ሰውዬ እንኳ ፎጣውን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ዝም ብሎ ጠበቃት።