የአፖሎኒያ የነፍስ መስኮት

ኤድጋር ሃያ ጎብኚ አስከትሎ ደረጃውን ሲወጣ ቬሬና ገና በኮቴው ለየችው። አጎቷ ነው፤ አስጎብኚ ከሆነ ወዲህ አረማመዱ ሁሉ ለፎቶ ነው።

«እዚህ ቤት ውስጥ» አለ በሩ ላይ ቆሞ አፉን ሞልቶ፣ «አያቶቻችን ዋልዘሮች፣ የጥንቶቹ የአልፕስ ተራራ ሰፋሪዎች፣ የሠሯትን የነፍስ መስኮት በገዛ እጃችሁ ትከፍታላችሁ!»

ቬሬና ከወንበሯ ተፈናጥራ ተነሣች። የነፍስ መስኮት ማለት ከመዳፍ ብዙም የማትበልጥ፣ ግንድ ግድግዳው ላይ የተፈለፈለች ቀዳዳ ናት፤ በተንሸራታች ሳንቃ ትዘጋለች። የምትከፈተው ቤት ውስጥ ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ነፍስ ትወጣለች፣ ተመልሳ እንዳትገባ ሳንቃው ወዲያው ይዘጋል። ለንፋስ እንኳ አትከፈትም፣ ለፎቶማ ጭራሽ! ደግሞ መስኮቷ ሥር ያለው አልጋ ዛሬ ባዶ አይደለም። የእናቷ አክስት፣ የዘጠና አንድ ዓመቷ አፖሎኒያ፣ ከተኙ ሦስት ሳምንታቸው ነው። ሐኪሙ ትናንት ሲወጣ ራሱን ነቅንቋል። እናቷ ላሞቹን ይዛ ተራራው ላይ ስለሆነች አስታማሚዋ የአሥራ ስድስት ዓመቷ ቬሬና ናት።

በመስኮቷ ታምን እንደሆን እሷም በቅጡ አታውቅም። ግን ሰው ነፍሱ ሳትወጣ መውጫውን መክፈት «ምን ያስቆይሃል፣ ሂድ እንጂ» ማለት አይደል? ሄዳ ጀርባዋን ሳንቃው ላይ ለጠፈች።

«ቬሪ፣ ዞር በይ።»

«አልዞርም።»

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ! እንጨት እኮ ነው።»

«እንጨት ከሆነማ ሂድና የራስህን ቤት ክፈት።»

ኤድጋር ጉሮሮውን ጠረገ። የእሱን መስኮት ቤቱን ሲያድስ በሲሚንቶ ደፍኗታል፤ መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

ባርኔጣ ያደረገች ሴትዮ አንገቷን አሰገገች። «የኔ ቆንጆ፣ ለአንድ ደቂቃ ብቻ? ከሚላኖ ድረስ የመጣነው ለዚህ ነው።»

«እመቤቴ፣ እዚሁ ቢሞቱ ለአንድ ደቂቃ እንከፍትልዎታለን።»

ከኋላ አንዱ ሳቁ አመለጠው። ኤድጋር ፊቱ ቲማቲም መሰለ፤ ክንዷን ይዞ ጎተታት። እሷ ግን ግድግዳው ላይ እንደ መዥገር ተጣበቀች።

ይሄኔ ከብርድ ልብሱ ሥር ድምፅ ወጣ። «ማነው እንዲህ የቸኮለልኝ?»

ጎብኚዎቹ ያ የብርድ ልብስ ክምር ሰው መሆኑን ገና አሁን ማወቃቸው ነው።

«አክስቴ፣ ተኝተው መስሎኝ…»

«ሞተው መስሎኝ በል! ና እስቲ ወዲህ።»

አፖሎኒያ በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ። ቬሬና ልትይዛቸው ስትል «ተይኝ» አሏትና እግራቸውን አንድ በአንድ ወለሉ ላይ አወረዱ። ከዚያ ተነሥተው ቆሙ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የሚጎርሱት እንኳ በሰው እጅ ነበር! አልጋውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

«መስኮቷ የምትከፈተው ለተኛ ሰው ነው። ጫማህን አውልቅና ተኛ። እኔው በእጄ እከፍትልሃለሁ።»

ኤድጋር ሳቀ። ሌላ የሳቀ የለም። «ይቀልዳሉ፣ አክስቴ።»

«እንጨት ነው አላልክም? ተኛ እንጂ!»

አልጋውን አየ። ሳንቃውን አየ። ሳያውቀው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፣ ግንባሩ በላብ ተጠመቀ።

«ፎቶ እኔ አነሣሃለሁ» አለች ቬሬና። «በነፃ።»

ሴትዮዋ ባርኔጣዋን አወለቀች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እናቴ» ብላ ጎንበስ አለችና ወጣች። ሌሎቹም ድምፃቸውን አጥፍተው ተከተሏት። ኤድጋር በሩ ጋ ሲደርስ ነበር ምላሱ የተመለሰለት። «ለነገ ሌላ ቡድን አለኝ! ከማዘጋጃ ቤት ሰው ይዤ ነው የምመጣው!»

ቬሬና በሩን ጠረቀመችው።

«ነገም ይመጣል እኮ፣ አክስቴ።»

«ይምጣ!» አሉ አፖሎኒያ የአልጋውን ራስጌ ጨብጠው እንደቆሙ። «እኔ እንደሁ ነገም የትም አልሄድም። በይ አሁን ያንን አይብ ቁረጪልኝ፤ ወፍራም አድርገሽ።»