የሙሽሪት ጭራና የአባባ ሻንጣ

የባሌ አባት ወደ ቤታችን የመጡ ዕለት ከታክሲ የወረዱት የዓሣ ገንዳ ታቅፈው ነው። ባሌ ከኋላ ሻንጣቸውን አንጠልጥሎ ይከተላል። የመስታወት ገንዳው ውስጥ ውኃው ይንቦጫረቃል፤ መሐሉ ላይ አንዲት ቀይ ዓሣ ረጅም ነጭ ጭራዋን እየጎተተች፣ ይህ ሁሉ ሽር ጉድ ለእሷ ክብር የተደረገ ይመስል ጎርደድ ጎርደድ ትላለች። አባባ "እንደምን ዋልሽ ልጄ" እንኳን ሳይሉኝ፣ "ፀሐይ የማይመታው ጠረጴዛ አለሽ?" አሉኝ።

እኔ የሙሽራ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሳሎናችን ግማሹ ሳሎን፣ ግማሹ የስፌት ክፍል ነው፤ ከቬሎ ጋር ሳይጋፋ ሶፋው ላይ የሚቀመጥ እንግዳ የለም። በዚህ ቤት ጠረጴዛ ማለት ወርቅ ነው። ቢሆንም የመቁረጫ ጠረጴዛዬን ጫፍ ለቀቅሁላቸው። ለወለደችኝ እናቴ እንኳን አላደርገውም።

ምክንያት አለኝ። አባባ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከተማ አውቶብስ ሾፌር ነበሩ፤ እኔም ከልጃቸው በፊት ያወቅሁት እሳቸውን ነው። ስፌት በምማርበት ጊዜ ጠዋት ጠዋት የምሳፈረው በእሳቸው አውቶብስ ነበር። በሰዓት መድረስ የሚባል ነገር ደግሞ አልፈጠረብኝም። ከመንገዱ ጫፍ ስሮጥ ካዩኝ በሩን ከፍተው ይጠብቁኛል። ተሳፋሪው ያጉረመርማል። እሳቸው በመስታወታቸው ወደ ኋላ እያዩ፣ "ሞተሩ ይሙቅ እንጂ!" ይላሉ። ሞተሩ ከሞቀ ቆይቷል፤ ተሳፋሪውም ያውቃል። ጋራዥ ውስጥ "ፍሬን" የሚል ቅጽል ስም የወጣላቸው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቤቴ ሲመጣ የጠረጴዛ ጫፍ ምን አላት?

ችግሩ፣ መጡ እንጂ አልገቡም። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን መኖር ስለከበዳቸው ቤታቸውን አከራይተው ነው ወደ እኛ የመጡት። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሁለት መደርደሪያ አጽድቼ ጠበቅኋቸው። ሻንጣቸው ግን አልጋቸው ጎን ቆሞ ቀረ። ሸሚዝ ከሻንጣው ያወጣሉ፣ የታጠበውን አጣጥፈው መልሰው ይከታሉ፣ ይቆልፋሉ፣ ቁልፉን ኪሳቸው ይጨምራሉ። "አባባ፣ መደርደሪያው እኮ ባዶ ነው" ስላቸው፣ "ለጊዜው ነው ልጄ፣ አትቸገሪ" ይሉኛል። ቤቴ ውስጥ የሚጓዝ ሰው ያለ ይመስል ባየሁት ቁጥር ያ ሻንጣ ያናድደኛል።

የሚያጫውታቸው ነገር ቢኖር ዓሣዋ ናት። ሟች ባለቤታቸው ናቸው ያሳደጓት፤ ጭራዋ የሙሽራ ዓይነ ርግብ ስለሚመስል "ሙሽሪት" ብለው ስም ያወጡላትም እሳቸው ናቸው። እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው ሙሽራ ሳለብስ ስለምውል ሁለታችን ቶሎ ተግባባን። ከሰዓት በኋላ ሻይዬን ይዤ አጠገቧ ስቀመጥ መስታወቱ ላይ ተለጥፋ አፏን ትከፍታለች። ብቻዬን መጠጣቱ ያሳፍረኛልና ቁንጥር ምግብ ጣል አደርግላታለሁ። ይኼው ነው።

አንድ ቀን የቬሎ ጨርቅ ስቆርጥ ቀና ብል የሙሽሪት ጭራ ጠርዙ ነጥቶ፣ ተተልትሎ አየሁ። ጠርዙ የተተለተለ ጨርቅ ከሩቅ አውቃለሁ። መቀሴን ጥዬ መንገዱ ማዶ ወዳለችው የቤት ዓሣ ሻጭ ሮጥኩ።

"የክንፍ መበስበስ ነው" አለችኝ። "ውኃ ሲቆሽሽ ይይዛቸዋል። ይኼን መድኃኒት ጨምሩላት፣ ከውኃውም ከፊሉን እየቀዳችሁ ለውጡ። የቧንቧውን ውኃ ግን ሳታሳድሩት እንዳትጨምሩት። ለመሆኑ በቀን ስንቴ ነው የምታበሉት?"

"አንዴ" አልኳት፣ ዓይኔን ሳላሽ።

መድኃኒቱ ሠራ። ጭራዋ ማገገም ጀመረ፤ እሰይ ብለን ሳንጨርስ እንደገና ተተለተለ። መድኃኒት ጨመርን፤ ዳነች። ደስ ብሎን ሳናበቃ ታመመች። ባሌ ኤሌክትሪሺያን ስለሆነ የዓለም ችግር ሁሉ የገመድ ችግር ይመስለዋል፤ የውኃ ማጣሪያውን ፈታትቶ ሶፋው ላይ በተነውና አንዲት ቬሎ በአረንጓዴ ጭቃ አጨማለቀብኝ። ልጃችን፣ ሕፃን ሳለች አውቶብሳቸው ላይ ትኬት ካልቆረጥኩ ብላ ታለቅስ ስለነበር አባባ "ትኬቴ" የሚሏት፣ ስልኳ ላይ ያላነበበችው ነገር የለም። ሙሽሪት በአንድ ሳምንት ውስጥ ስሙን እንኳን መጥራት የማንችለው በሽታ ሁሉ ተገኘባት። ዓሣ ሻጯም ከቤታችን አንድ ሰው በሄደ ቁጥር ስንቴ እንደምናበላት ትጠይቃለች፤ የሚሰጣት መልስም ያው ነው፦ አንዴ።

ከዚያ በአንዱ እራት ላይ አባባ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

"ይህቺ ፍጡር እዚያ ቤት ስትኖር ጭራዋ አንድ ቀን ተነክቶ አያውቅም" አሉ። "እዚህ አልተስማማትም። ሰው በግድ አይለምድም፣ ዓሣም በግድ አይለምድም። ተከራዩ የትምህርት ዘመኑ ሲያልቅ ቤቱን እለቃለሁ ብሏል። ያን ጊዜ ይዣት ልመለስ።"

"አባዬ፣ ምን ጎደለብህ?" አለ ባሌ።

"ምንም አልጎደለብኝ። እናንተ ደግ ናችሁ። እኔ ግን እሷን እዚህ ከገደልኳት፣ እናትህን ምን እላታለሁ?"

እንዲሄዱ አልፈለግሁም፤ በሩን ከፍተው የጠበቁኝን ሰው በሬን ዘግቼ ልሸኛቸው አልፈለግሁም። ሳህኖቹን አጥቤ ስመለስ ገንዳው አጠገብ ቆምኩና ለዓሣዋ በጆሮዋ፣ ጆሮ ካላት፣ "ብትሞቺ እገድልሻለሁ" አልኳት። አፏን ከፈተች። አንጀቴን በላችውና ቁንጥር ምግብ ጣልኩላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ በሙሉ ለሙሽሪት አሰበ። እሷም ባሰባት።

በመጨረሻ አባባ ራሳቸው ወደ ዓሣ ሻጯ ሄዱ። ሲመለሱ ኮፍያቸውን ሳያወልቁ ሳሎኑ መሐል ቆሙና፣ "ሁላችሁም ኑ! ስብሰባ አለ!" አሉ። ባሌ ፒንሳ እንደያዘ መጣ፣ ልጄ ስልኳን እንደያዘች፣ እኔ ሜትሬ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ።

"ጋራዥ ሳለን" አሉ አባባ፣ "ፍሬኑ ጎማውን እየያዘ የሚግል አንድ አውቶብስ ነበር። ይጠገናል፣ ይመለሳል። ይጠገናል፣ ይመለሳል። መካኒኩ ጨርቁን ሊጥል ምንም አልቀረው። አለቃችን ምን አደረገ? መኪናውን ተወና በፈረቃ የምንነዳውን ሾፌሮች ሰበሰበ። 'ቅጣት የለም፤ ብቻ ማን ምን እንደሚያደርግ ይናገር' አለ። ለካ የጠዋቱ ሾፌር ፍሬኑ የላላ እየመሰለው ትንሽ ጠበቅ ያደርገዋል። የከሰዓቱም ትንሽ ጠበቅ ያደርገዋል። ያን ጊዜ የማታው እኔ ነበርኩ፤ እኔም ትንሽ ጠበቅ አደርገዋለሁ። ሁላችንም ለደግ ብለን!"

ባሌና ልጄ ተያዩ።

"ቅጣት የለም" አሉ አባባ። "ሻጯ ሁላችሁም 'አንዴ' እንዳላችኋት ነገረችኝ። ለሙሽሪት ማን ምን ያደርጋል?"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ ሁላችንም ጣሪያ ጣሪያውን እናይ ጀመር። መጀመሪያ የተሸነፈችው ልጄ ናት።

"እኔ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ትንሽ አበላታለሁ። እናንተ ትረሷታላችሁ ብዬ እኮ ነው!"

"አንዴ ብቻ?" አሉ አባባ።

"አንዴ ብቻ።"

ባሌ ፒንሳውን ያገላብጣል። "ለምሳ ስመጣ ... ያው ሁላችንም ስንበላ እሷ ስታየን ... አንዴ። ምግቧ ሲያልቅ ደግሞ ዳቦ።"

"ዳቦ?!" ብላ ጮኸች ልጄ።

"ፍርፋሪ ነው! ምን ታካብጂብኛለሽ?"

ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። "ሻይ ስጠጣ" አልኩ። "ቁንጥር። ቁንጥር ደግሞ ምግብ ነው እንዴ?"

አባባ ኮፍያቸውን አወለቁ። "እኔ ጠዋት ስነሳ አንዴ አበላታለሁ" አሉ፤ ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ማታ ደግሞ ስለ ባለቤቴ አንዳንድ ነገር እናወራለን። አፏን ከፍታ ስታዳምጠኝ በባዶው ማውራት አልሆነልኝም።"

እኔ የባሌን እናት አስቤ ዕንባዬ መጣ። ልጄ ግን በጣቷ ስትቆጥር ቆይታ፣ "ይህቺ ዓሣ እኮ ከእኔ የበለጠ ትበላለች!" አለች።

አባባ ናቸው መጀመሪያ የፈነዱት። ኮፍያቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ "ከአውቶብሱ አልተማርኩም! አልተማርኩም!" እያሉ ሳቁ። ባሌ መሬት ላይ ተቀመጠ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እኛ ሳንመካከር ተባብረን አንዲት ፍሬ ዓሣ ልንቀብር ነበር። የተረፈው ምግብ ጠጠሩ ሥር ይበሰብሳል፣ ውኃው ይመረዛል፣ ጭራዋ ይበላል፤ እኛ ደግሞ ከስታለች ብለን እንጨምርላታለን! ባሌ ዕንባውን እየጠረገ ወደ እኔ ዞረና፣ "እናቴ ካረፈች ወዲህ እንዲህ ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው" አለኝ።

ያኔውኑ ጠጠሩን አጥበን አዲስ ውኃ አሳደርን። የሚያበላትም አንድ ሰው ብቻ እንዲሆን ተስማማን፦ አባባ፣ ጠዋት፣ አንዴ። ተጨባብጠን ተለያየን።

በማግሥቱ ልጄ አባቷን እጁ የምግቡ ጣሳ ውስጥ እንዳለ ያዘችው።

"ተበላሽቶ እንደሆነ ላሸተው ብዬ ነው!" አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

"በዚህ ቤት ቃል አይበቃም፤ ቁልፍ ያስፈልጋል" አሉ አባባ። ቁልፍ ፍለጋ ቤቱን ዞርነው። የኩሽናው መሳቢያ ቁልፉ ከጠፋ ዘመን ሆኖታል፤ ቁም ሳጥኑ ድሮም አይዘጋም። በዚህ ቤት ውስጥ የሚቆለፍ ነገር አንድ ብቻ ነው።

አባባ ሻንጣቸውን አምጥተው ሶፋው ላይ ከፈቱት። እኔ አጠገባቸው የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ቅምቅማት እያያያዝኩ ስለነበር አፌ እስፒል ሞልቶታል። ጣሳውን ሸሚዞቻቸው መሐል ሊከቱት ሲሉ ክዳኑን ከፍተው አሸተቱትና ፊታቸውን አጨማደዱ።

"ሸሚዜ ሁሉ ዓሣ ዓሣ ሊሸት ነው እንዴ?" አሉ ለራሳቸው። ጣሳውን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ ያ ያልሽኝ መደርደሪያ አሁንም ባዶ ነው?"

በእስፒሎቹ መሐል "እህ" ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። እስፒል አፌ ውስጥ ባይኖር ኖሮ ጮቤ ረግጬ ሁሉን ነገር አበላሽቼው ነበር። ሸሚዞቹን፣ ሹራቡን፣ የባለቤታቸውን ፎቶ አንድ በአንድ ወደ መደርደሪያው ወሰዱ። በሻንጣው ውስጥ አንዲት ጣሳ ብቻዋን ቀረች። ቆለፉትና ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሻይዬን ጀርባዬን ለሙሽሪት ሰጥቼ ነው የጠጣሁት። ባሌም ምሳውን ኩሽና ገብቶ ይበላ ጀመር። አባባ ግን፣ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" እያሉ ውኃዋን ይለውጣሉ፣ ማታ ማታም በባዶው ያወሯታል። እሷም ምግብ ሳይሰጣት ታዳምጣለች፤ ለካ ወሬውም ይበቃታል።

አንድ ከሰዓት መቀሴን እንደያዝኩ ቀና ስል የተበላው ጠርዝ ላይ እንደ ዓይነ ርግብ ቱል የሳሳ፣ ውኃ ቀለም ያለው ነገር አየሁ። ጠጋ አልኩ። አዲስ ክንፍ ነው።

"አባባ! ኧረ ይምጡ! እየበቀለ ነው!"

መነጽራቸውን ፍለጋ ጊዜ አጠፉ፤ ግንባራቸው ላይ ነበር። መስታወቱ ላይ አፍንጫቸውን ለጥፈው ብዙ ቆዩ። "አየሻት?" አሉ፤ እኔን ይሁን ባለቤታቸውን አላወቅሁም። ከዚያ ወዲያ በሽታው አልተመለሰባትም።

የትምህርት ዘመኑ አለቀ። አንድ እራት ላይ አባባ፣ "ተከራዩ ደውሎ ነበር፤ ቤቱን ለቀቀ" አሉ። የባሌ ማንኪያ አየር ላይ ቀረ።

"ታዲያ?" አልኩ እንደ ምንም።

"ታዲያማ ሌላ ተከራይ ፈልጉለት" አሉ አባባ፣ ኪሳቸውን መታ መታ እያደረጉ። "እኔ ከሄድኩ ይህን ቁልፍ ማን ይይዘዋል? እናንተን አምኜ?"

አሁን ጠዋት ጠዋት ሙሽሪት ስትበላ ሁላችንም ገንዳውን ከበን እናያለን። እኔ እንደ ልማዴ የምደርሰው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ ነው። ዛሬም ፀጉሬን ሳላበጥር ከመኝታ ቤት ስሮጥ ወጣሁ። አባባ ጣሳውን ከፍተው፣ ቁንጥሯን በጣታቸው ይዘው ቆመዋል። ባሌ ሰዓቱን ያያል። ልጄ ቦርሳዋን አንግታ፣ "አባባ፣ ይጨምሩላት በቃ፣ እኔ ረፈደብኝ!" እያለች ታጉረመርማለች።

አባባ ከኮሪደሩ ጫፍ አዩኝና እጃቸውን መለስ አደረጉ።

"ሞተሩ ይሙቅ እንጂ!" አሏት።