ረግቶ የማይሰነብት ደም

በጋናዋ ኩማሲ ገበያ ሳህን የምትቸረችረው ሰርዋ አራት ጊዜ አርግዛ አራቱም በሁለተኛ ወራቸው ወርደውባታል። አማቷ እማማ ፖኩዋ ምክንያቱን ለማወቅ ሐኪም አላስፈለጋቸውም።

"ልጅ መንፈሱን ካባቱ፣ ደሙን ከናቱ ነው የሚወስደው። ልጄ የድርሻውን ሰጥቷል። ደሙን እናንተ ቤት ጠይቁ!" ይላሉ። አቤት ማጽናናት ሲያውቁበት!

ሆስፒታሉም አልቦዘነም። ደሟን ይቀዳል፣ ሲረጋ ሰዓቱን ይመዘግባል፣ ብልቃጡን ይጥላል። "ደምሽ ደህና ይረጋል፣ ጤነኛ ነሽ" ብሎ ይሸኛታል። አራት ጊዜ ጤነኛ ተባለች፤ አራት ጊዜ ባዶ እጇን ተመለሰች።

በአምስተኛው እርግዝናዋ ስድስት ሳምንት ሲሆናት፣ አጄይ የሚባል አዲስ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ማንም ያልጠየቃትን ጠየቃት።

"እህቴ፣ ስትወለጂ እትብትሽ ደምቶ ነበር?"

"ሦስት ሳምንት ሙሉ! እናቴ ሠርጌ ላይ ሳይቀር አውርታዋለች። ምነው?"

አጄይ የረጋውን ደሟን አልጣለውም። ገበሬ በቆሎው ላይ የሚበትነው ያው ዩሪያ የሟሟበት ውሃ ውስጥ ጨመረው፤ የራሱንም የረጋ ደም እንዲሁ አድርጎ አጠገቡ አስቀመጠ። በማግስቱ የሱ እንዳለ ነው፤ የሷ ሟሙቶ ጠፍቷል።

"ይረጋል፣ ግን የረጋውን አጥብቆ የሚያስረው ፕሮቲን የለሽም" አላት። "ፅንስ ማህፀን ላይ የሚጸናው በሱ ነው። ልጁ እስኪወለድ በየወሩ ፕላዝማ፣ ከሰው ደም የሚለየውን ፈሳሽ፣ ትወስጃለሽ።"

የደም ባንኩ ደግሞ ደንብ አለው፤ ዘመድ ካልተካ አይሰጥም። ታላቅ ወንድሟ መርፌ ይፈራል። ታናሹ ቢራ ጠጥቷል፤ ነገም ሊጠጣ አስቧል። ባሏን ጉበትህ ታሟል ብለው መለሱት። ሐሙስ ጠዋት ደም ጠብ ጠብ ይልባት ጀመር። ሰርዋ የባንኩ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ፈራች፤ ክፉኛ ፈራች።

እማማ ፖኩዋ መጡ። አሥር ዓመት ሙሉ "አርባ አምስት ዓመቴ ነው" ሲሉ የከረሙት ሴትዮ፣ ስድሳ ያለፈው አይሰጥም ሲባሉ በሰው ፊት "ሃምሳ ስምንት!" ብለው ጮኹና ክንዳቸውን ዘርግተው ደም ሰጡ።

"እማማ፣ ደሙ የኛ ቤት ነው አላሉም?" አለቻቸው ሰርዋ።

"ዝም በይ! አሁን የኔም ገባበት። ይሄ ቢወርድ በምን አፌ አንቺን ልወቅስ ነው?"

ፕላዝማው ተሰጣት፤ ደሙም በማግስቱ ቆመ። የሳቸው ደም ለማያውቁት ሰው እንደሚሄድና ለሰርዋ የተሰጣት አስቀድሞ የተቀመጠ የሌላ ሰው ፕላዝማ መሆኑን ማንም ደፍሮ አልነገራቸውም። ልጅቷ ስትወለድ "ደሜን እዩልኝ!" እያሉ ገበያውን አዳረሱ። ሰርዋ ሁሉንም ታውቃለች። አንድም ቀን አላረመቻቸውም።