የሰጠው እጅ

«የቤት እመቤት ነበሩ» ብሎ አነበበ።

እኔ ወተት ቤት ያለኝ ሴት ነኝ፤ ውሸት ከጠዋት እስከ ማታ እሰማለሁ። ግን በቀብር ላይ፣ መጋቢው መጽሐፍ ቅዱሱን አቅፎ በቆመበት፣ ሬሳው ከፊታችን ተቀምጦ እያለ፣ እንዲህ ያለ ዓይን ያወጣ ቅጥፈት ሰምቼ አላውቅም።

አንባቢው የሟቿ የገዛ ልጅ ኢዮብ ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው ሲሸኝ የሕይወት ታሪኩ ይነበባል። ኢዮብም ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ፣ ጥቁር መነጽሩን ሰክቶ፣ «እናታችን ወይዘሮ ገበያነሽ ትዳራቸውን አክባሪ የቤት እመቤት ነበሩ፤ ባለቤታቸው ያቆዩላቸውን ከብቶች በትጋት ጠብቀው…» እያለ ቀጠለ። አጎቱ አቶ በቀለ ከጎኑ ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል። ደሜ ፈላ። አጠገቤ ያለችው የገበያነሽ ጎረቤት ሰሚራ ቀሚሴን ጎተተችኝ እንጂ እዚያው መጮኼ ነበር።

ባለቤታቸው ያቆዩላቸው! ሙት ወቃሽ አያድርገኝና ባለቤቷ ያቆየላት ነገር ቢኖር ባዶ በረትና የአረቄ ጠርሙስ ነው። ከብቶቹን አንድ በአንድ ሸጦ የጨረሰው በሕይወት እያለ ነው። እሱ ሲሞት ለኢዮብና ለታናሽ እህቱ ለሮሆቦት የሚሆን አንድ ስኒ ወተት እንኳ በቤቱ አልነበረም። ያን ጊዜ ለገበያነሽ አንዲት ጊደር ለርቢ የሰጠቻት የሰሚራ አማት ናት። የዛሬው መንጋ ሁሉ የዚያች ጊደር ዘር ነው። ይህን በሰፈሯ በቡሹሎ የማያውቅ የለም፤ አቶ በቀለም ያውቃል፣ ኢዮብም ያውቃል።

ርቢ ማለት እንዲህ ነው። ላም የሌለው ሰው ካለው ሰው ጊደር ይወስዳል፤ ያበላታል፣ ይጠብቃታል። ስትወልድ ወተቷን ከልጆቹ ጋር ይጠጣል፣ ጥጃውን ከባለቤቷ ጋር ይካፈላል። ወረቀት የለም፣ ፊርማ የለም። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ሰጪው ገመዱን ለተቀባዩ ያስጨብጣል፣ አንድ ሽማግሌ «ገመዱ ወደ ሰጠው እጅ ይመለስ» ይላል፣ ሰዉ «አሜን» ይላል። አለቀ።

እኔ ገበያነሽን ያወቅኳት አዲስ ከተማ ሰፈር ወዳለችው ወተት ቤቴ ወተት ስታመጣልኝ ነው። ባጃጅ ደጄ ላይ ይቆማል፤ ጄሪካኗን እንደ ሕፃን አቅፋ፣ የጎማ ቦቲዋን እንዳጠለቀች ትወርዳለች። ሰው ቦቲዋን አይቶ ሲስቅ «ላሟ ሶፋ ላይ መስላችሁ የምትታለበው?» ትላለች። ምላሷ እሳት ነበር። አንድ ቀን አንዱ ደንበኛዬ ወተቱ ቀጠነ ሲል ሰማችው። ጄሪካኑን ከእጄ ነጥቃ ደጃፌ ላይ ሙልጭ አድርጋ ደፋችውና «ውኃ ከሆነ ይደርቃል፣ ወተት ከሆነ ይሸታል። ነገ መጥተህ አሽትት» ብላው ሄደች። ደጃፌ ሲሸት ሰነበተ። ከዚያ ወዲህ ስለ ወተቷ ትንፍሽ ያለ ሰው የለም።

የላም ምጥ ሲጠና የምትጠራው እሷ ናት፤ በዝናብ ይሁን በጭቃ፣ እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰብስባ ትገባበታለች። አራስ ባለበት ቤት ሁሉ ከእሷ በረት የሄደ ወተት አይጠፋም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለጥናት ብለው ከብቶቿን ሊያዩ ሲመጡ መጀመሪያ ትቆጣለች፣ ቀጥላ «እናቶቻችሁ ሩቅ ናቸው፣ ጠጡ» እያለች ሆዳቸው እስኪነፋ ታጠጣቸዋለች። ሰፈሩ «አማ» ነበር የሚላት፤ በሲዳሙ አፎ እናት ማለት ነው። ቀብሯ ላይ ከትግራይ፣ ከጅማ፣ ከየትም የመጡ ልጆች ተሰልፈው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ለእነሱ ያልተደበቀ ነገር ለልጇ እንዴት ተደበቀ?

አልተደበቀም። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ሄጄ ፊቱ ቆምኩ።

«የቤት እመቤት ያልካት ማንን ነው?» አልኩት።

«እትዬ ሽታዬ፣ ለክብሯ ብዬ እኮ ነው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የቢሮ ሰዎች ነበሩ፤ አለቆቼም ጭምር። በነሱ ፊት እናቴ እበት ስትዝቅ ኖረች ልበል?»

«በዚያ እበት አይደል እንዴ የተማርከው?»

«ቀስ ይበሉ እንጂ፤ ሰው ይሰማል።»

ሰው ይሰማል! ሰው እንዲሰማ ነው እንጂ የጮህኩት። ይህ ልጅ ባህል አዳራሽ አካባቢ ቢሮ ከገባ ወዲህ ቡሹሎ የሚመጣው ለበዓል ነው፤ ሲመጣ አፍንጫውን ይይዛል፣ ሲሄድ ቅቤ ይይዛል። ላም ስትወልድ፣ ላም ስትታመም፣ ጊደር ለርቢ ስትወጣ አንድም ቀን አልነበረም። እናቷ አልጋ ላይ ስትውል በረቱን ብቻዋን ያቆመችው ሮሆቦት ናት። ድሮም ቢሆን ሁለቱ እንደ እናትና ልጅ ሳይሆን እንደ አንድ ጥንድ በሬ ነበር የሚሠሩት።

ማታውን ነገሩ ሁሉ ወጣ። አቶ በቀለ ጉሮሮውን ጠረገና «ከብቱ የወንድሜ ነው። ዛሬ በቀብሩ ላይ ሁላችሁም ሰምታችኋል፣ የተቃወመም የለም» አለ። ለካስ ለዚህ ኖሯል! ያ ንባብ ለመንጋው መንገድ መጥረጊያ ነበር። ከብቶቹ ይሸጣሉ፣ ኢዮብ ሚኒባስ ይገዛል፣ አጎት ድርሻውን ይወስዳል። ሮሆቦትስ? «እሷማ ነገ አግብታ የምትሄድ ናት፤ ለማስታወሻ አንድ ጥጃ ይበቃታል» አለ አቶ በቀለ፣ ከረሜላ እንደሚያድል ሰው።

ሮሆቦት አንገቷን ደፍታ ተቀምጣ ነበር። ይህች ልጅ ከከብቶቹ ሌላ ሥራ የላትም፣ ከከብቶቹ ሌላ እንጀራ የላትም። ውጭ ይዣት ወጣሁና «ነገውኑ ፍርድ ቤት እንሄዳለን፤ ሕጉ ሴት ወንድ አይልም» አልኳት።

«እትዬ ሽታዬ፣ የእናቴ አፈር ሳይደርቅ ወንድሜን አልከስም» አለችኝ።

«ታዲያ ዝም ብለሽ ልታይ ነው?»

«ላሞቹ ሳይታለቡ ነው የዋሉት» ብላ ባልዲዋን አንስታ ወደ በረት ሄደች። እናቷን ቁርጥ። እኔ ግን አንጀቴ አሮ ነበር፤ እዚያው ጨለማ ውስጥ ብቻዬን ስሳደብ ቆየሁ።

በረቱ ውስጥ የነበሩት ሁለት የሚታለቡ ላሞች ብቻ ናቸው። ከተማው እየሰፋ መጥቶ የሐይቁ ዳር ግጦሽ ሲታጠርባት ገበያነሽ ከብቶቿን አልሸጠችም፤ ለርቢ ለሰፈሩ በተነቻቸው። ለባል አልባዋ፣ ለጥበቃ ሠራተኛው፣ ልጅ ለበዛበት ቤት። መንጋው ያለው በሰው ግቢ ነው። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ሊነሳ ሲል፣ ኢዮብ በሽማግሌዎቹ ፊት ተነስቶ ቆመ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሰማትን ቃል እንደ ትልቅ ሰው አሳምሮ ሊናገራት ፈልጎ ደረቱን ነፋ።

«እናታችን ለርቢ የሰጠቻችሁን ከብት ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት ይዛችሁ ኑ» አለ። «እንደ አባቶቻችን ደንብ፣ ገመዱ ወደ ሰጠው እጅ ይመለስ!»

«አሜን» አለ አቶ በቀለ ከሁሉ ቀድሞ። ሽማግሌዎቹም «አሜን» አሉ። ሰሚራ ዞር ብላ አየችኝ። ምን ልትለኝ እንደፈለገች አልገባኝም፤ ንዴት ዓይኔን ጋርዶኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ወተት ቤቴን ዘግቼ ቡሹሎ ወረድኩ። አይሱዙ መኪና አጥሩ ጥግ ቆሟል፤ የከብት ነጋዴው ከሾፌሩ ጋር ጫት አይሉት ወሬ አንድ ነገር ያመነዥካል። ገና አንድ ላም ሳይመጣ! ኢዮብ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ሮሆቦት የሚሆነው ሁሉ የማይመለከታት ይመስል በረት ውስጥ እበት ታወጣለች።

ከዚያ ሰዉ መምጣት ጀመረ። ከላይ መንገድ፣ ከታች ከሐይቁ በኩል፣ ሁሉም ከብቱን እየነዳ። አንዳንዷ ላም ጥጃዋን አስከትላለች። አንዲት ልጅ ያሳደገቻትን ጊደር አንገት አቅፋ ታለቅሳለች። ሳየው እንባዬ መጣ፤ ገበያነሽ ዕድሜዋን ሙሉ የለፋችበት መንጋ አይሱዙ ላይ ሊወጣ ነው!

ከፊት የመጣችው ሰሚራ ነበረች፣ ለመውለድ የደረሰችውን ላም ቡሬን እየሳበች። ኢዮብ ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋ።

«እዚህ ጋ፣ እትዬ ሰሚራ። አምጪልኝ።»

ሰሚራ እጁን አየችው። ከዚያ ዓይን ዓይኑን አየችው።

«ልጄ፣ አንተ መቼ ሰጠኸኝ?» አለችው።

አልፋው ሄደች። ግቢውን አቋርጣ በረቱ ደጃፍ ደረሰችና «ሮሆቦት፣ ነይ ውጪ» አለች። ሮሆቦት እጇ እስከ ክርኗ እበት እንደሆነ ወጣች። ሰሚራ ገመዱን እዚያ እበታም መዳፍ ላይ አስቀመጠችና ጣቶቿን አጠፈችላት።

«የተቀበልኩት ከዚህ እጅ ነው» አለች ጮክ ብላ። «የሰፈሩ ሰው ምስክሬ ነው።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ገበያነሽ ጊደር ለርቢ ስትሰጥ ስንት ጊዜ ቆሜ አይቻለሁ! ሽማግሌው ሲዘጋጁ ሁልጊዜ ወደ ልጇ ዞር ብላ «እጄ እበት ነው፤ አንቺ ስጪ» ትላታለች። ገመዱን የምታስጨብጠው ሮሆቦት ነበረች። አንድ ቀን የገበያነሽን እጅ ሳየው በሳሙና የታጠበ ንጹሕ እጅ ነበር። «የታለ እበቱ?» ብላት «አንቺ ወተትሽን ሽጪ» ብላ አፌን አስያዘችኝ። ያቺ ተንኮለኛ! ልጇንም አውቃዋለች፣ የባሏን ወንድምም አውቃዋለች። ሞቷ ሳይመጣ፣ አንድ ሰው ሳትጣላ፣ ሽማግሌ አስመስክራ መንጋዋን ጊደር በጊደር ለደከመችበት ልጇ አስረክባለች።

የጥበቃ ሠራተኛው ቀጠለ። «የተቀበልኩት ከዚህ እጅ ነው።» ልጅ የበዛበት ቤት ቀጠለ። ያቺ የምታለቅስ ልጅ ከእናቷ ጋር መጣች። ሁሉም ኢዮብን እያለፈ፣ ሁሉም ያንኑ ቃል እየተናገረ፣ ገመዱን ሮሆቦት እጅ ላይ ያኖራል። እጇ አልበቃ ሲላት በረቱ አጥር ላይ ታስረዋለች።

«ይሄ የሴት ተንኮል ነው!» ብሎ አቶ በቀለ ዱላውን መሬት ላይ ጠረቀመው። «የወንድሜ ከብት ነው እላለሁ!»

ርቢውን ሲያስመሰክሩ የኖሩት ሽማግሌ ከወንበራቸው አልተነሱም። «በቀለ» አሉት፣ «ቃሉን የተናገረው ልጁ ነው። ቀድመህ አሜን ያልከው አንተ ነህ። እኛ ምን አደረግን?»

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ሳቄ ንዴቴን አላበረደውም። አንዲት ሴት የራሷን ላብ ለልጇ ለማውረስ እጇን ታጥባ እጄ እበት ነው ማለት ነበረባት? እንደ ሌባ ተደብቃ? ይህ ነው የሚያንገበግበኝ፤ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ሮሆቦት ገመዶቹን ትንሽ አየቻቸውና ቡሬን ፈትታ ወደ ሰሚራ መለሰቻት። «እትዬ ሰሚራ፣ ይቺ ለመውለድ ደርሳለች፤ መንገድ ባትመላለስ ይሻል ነበር። ይዘዋት ይግቡ» አለች። የሌሎቹንም ገመድ እንዲሁ ለየተቀባዩ አስጨበጠች። ሽማግሌው ቃሉን ደገሙት፣ አሜን ተባለ፤ ከብቱ በመጣበት መንገድ ተመለሰ። አይሱዙው ባዶውን እየተንገጫገጨ ሄደ። አቶ በቀለ ተከትሎት ወጣ፤ ደህና ዋሉም አላለ።

ኢዮብ ግን እዚያው በሩ ላይ ቀረ። ሮሆቦት እጇን ታጥባ፣ ጠዋት ያለበችውን ወተት በትልቅ ኩባያ ይዛለት መጣች። «ወንድሜ፣ ቁርስ ሳትበላ ነው የመጣኸው። ጠጣ» አለችው። እኔ ብሆን የምሰጠው ሌላ ነገር ነበር። እሱም ጠጣ፤ መነጽሩን አውልቆ፣ ሳይተነፍስ፣ እንደ ድሮው።

ሲጨርስ ወደ እሱ ሄድኩ። ገና ያልተበተነው ሰው ዞሮ አየን።

«ኢዮብ» አልኩት፣ «እናትህ ምን ነበረች?»

ኩባያውን አየ፣ እህቱን አየ። ከንፈሩ ላይ ወተት አለ።

«ከብት አርቢ ነበረች» አለ፣ በሚሰማ በማይሰማ ድምፅ።

«ጮክ በል» አልኩት። «ለቀብሩ ማይክ ይዘህ አልነበር? ከኋላ ያሉት አልሰሙህም።»