የሚንቀራፈፈው ማጫወቻ

የሸክላ ማጫወቻ ለመምረጥ ሦስት ወር ሱቅ ለሱቅ ስዞር፣ "ፍጥነቱ ዝንፍ አይልም?" እያልኩ ያላሰለቸሁት ሻጭ የለም። የሟች አባቴን ማጫወቻማ "ይሄ ቀርፋፋ" ብዬ ለአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢ ሰጠሁት።

አዲሱን ሳሎን አስቀምጬ፣ አባቴና እናቴ እየተቀባበሉ ያንጎራጉሩት የነበረውን ሸክላ አጫወትኩ። እናቴ እንደ ልማዷ ልትከተለው ብትሞክር ዘፈኑ ጥሏት ሄደ።

"ምነው ቸኮለ?" አለችኝ።

"ትክክለኛ ፍጥነቱ ይሄ ነው እማዬ። የድሮው ነው ሲጎተት የኖረው።"

"እንግዲያው አባትህ አርባ ዓመት ሙሉ ተሳስቶ ነው የዘፈነው በለኛ።"

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነና፣ ሰብሳቢው ጋ ብሮጥ ፈታትቶ ሸጦታል። ባዶ እጄን ስመለስ እናቴ አዲሱን አጥፍታ በድሮው ፍጥነት ብቻዋን ታንጎራጉራለች። የአባቴ ተራ ሲደርስ ዝም ብላ ትጠብቀዋለች።