ጀርባውን ለሜዳው የሰጠ ሰው

ደጋፊው ጡሩምባው እያለ የሚጠራው ሰው በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም የሜዳ ጨዋታ አምልጦት አያውቅም፤ ግን የክለቡን አንድ ጎል እንኳ በዐይኑ አላየም። የማያውቀው ሰው ይህን ሲሰማ ዐይነ ስውር መስሎት ያዝንለታል። ዐይኑስ ደህና ነው፤ ጉዱ ያለው ሥራው ላይ ነው። አስጨፋሪ ነው። አስጨፋሪ ደግሞ ከትሪቡኑ ፊት፣ ከአጥሩ ሥር ባለችው የሲሚንቶ መደብ ላይ ወጥቶ፣ ፊቱን ለደጋፊው ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ነው የሚውለው። እሱ ከዞረ ደጋፊው በየፊናው ተንጫጭቶ ዝም ይላል ተብሎ ይታመናል። ከሁሉ አብልጦ ይህን የሚያምነው ደግሞ ራሱ ነው።

በሥራ ቀን ሶፋ ይሠራል። ስፖንጅ፣ ሞላና የጨርቅ ቁርጥራጭ በሞላባት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ስድስት ሚስማር በከንፈሩ ነክሶ፣ አንድ በአንድ እያወጣ ይመታል። ስለዚህ ደንበኞቹ ዝምተኛ ሰው ይመስላቸዋል። እሑድ ትሪቡን ላይ ያዩት ጊዜ መንትያ ወንድም እንዳለው የጠየቁት አሉ።

ጎሉን ባያይም ያነብበው ነበር። የሰዉ አፍ ቀስ እያለ ከተከፈተ ኳሱ ከሩቅ ተመትቷል ማለት ነው። ከመጮኻቸው በፊት ብድግ ካሉ በግንባር የተገጨ ነው። ቀድመው ከሳቁና ኋላ ከጮኹ የባላጋራው ተከላካይ በራሱ ላይ አግብቷል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚያያት ግን ሴት ልጁን ነው። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ የመጀመሪያውን ረድፍ ለቃ አታውቅም። አሁን ፋርማሲ ትሠራለች፤ ቁጥብ ናት፣ ቤት ውስጥ ሳቋንም እንደ መድኃኒቱ በልክ ነው የምታወጣው። ጎል ሲገባ ግን ፊቷ ወለል ብሎ ይከፈታል፣ ያኔ ጡሩምባው ዘልሎ ይጮኻል።

ስልክ የለም ወይ ይባል ይሆናል። አለ፤ ሁሉም ይቀርጻል። ግን ጎል ሲገባ ቀራጩም አብሮ ስለሚዘል በቪዲዮው የሚታየው ሰማይና የማን እንደሆነ የማይታወቅ ጫማ ነው። ቴሌቪዥኑም ለሁለተኛ ዲቪዚዮን ጊዜ የለውም።

እንግዲህ በዚህ ዓመት ክለቡ ታመመ። ተጫዋቾቹ ደመወዝ ካዩ ወራት አለፉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይከፈላችኋል ሲባሉ ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ ፈገግ ብቻ ይላሉ። አውቶቡሱ ጋራዥ ቆሞ ቀረ። ፕሬዚዳንቱ ስልኩን ዘጋ። በመጨረሻ የከተማው አስተዳደር አንድ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ክለቡን ከተማው ይረከበዋል ወይም ይፈርሳል፣ ማክሰኞ ይወሰናል ተባለ። ከዚያ በፊት እሑድ ኮሚቴው ጨዋታ ሊያይ ይመጣል።

“ሊያዩ የሚመጡት ኳሱን አይደለም፣ እኛን ነው” አለ ጎረቤቱ ብረት በያጁ፣ ትሪቡን ላይ ከበሮ የሚመታው። “ደጋፊ አለው ወይ ብለው ነው። እሑድ ጉሮሮህን ለነገ ብለህ እንዳትቆጥብ።”

ጡሩምባው አዘነ። ግን ከሐዘኑ ሥር ሌላ ነገር ይበላው ጀመር፤ ልክ ጀርባ ላይ እጅ የማይደርስበት ቦታ እንደሚበላ። ክለቡ ከፈረሰ የገዛ ክለቡን ጎል አንድ ቀን እንኳ ሳያይ መቅረቱ ነው። ሚስማሩን ሲመታ እሱን ያስባል፣ ጨርቁን ሲወጥር እሱኑ። ቅዳሜ እራት ላይ አልቻለም።

“ልጄ፣ ጎል ሲገባ መረቡ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው ወይስ ወደ ላይ?”

“አባዬ ደግሞ! በቴሌቪዥን ስንት ጊዜ አይተህ የለም እንዴ?”

“እሱ የሰው ጎል ነዋ። እኔ የእኛን ነው የምጠይቅሽ።”

ማንኪያዋን አስቀምጣ አየችው። “አንድም ቀን ሰርቀህ አላየህም?”

“መቼ አይቼ?”

“በል ነገ ዙርና እየው።”

“ነገ? ኮሚቴው ቁጭ ብሎ? ያምሻል እንዴ!”

ሳህኑን ስታነሣ ግን በልቧ የሆነ ነገር እያሰላች እንደነበር ያስታውቅ ነበር።

እሑድ ትሪቡኑ ሞላ። ለዓመታት ያልታዩ ሰዎች ሁሉ መጥተዋል፤ የታመመ ሰው ሊጠይቁ የመጡ ዘመዶች ይመስሉ ነበር። ከሜዳው ማዶ፣ ጥላው ሥር፣ አምስት የኮሚቴ ሰዎች ተቀምጠዋል። መሐላቸው ያለችው ሰብሳቢዋ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ ትሪቡኑን ብቻ ታያለች። ጡሩምባው መደቡ ላይ ወጣና ጮኸ፣ አስጮኸም። በሰባኛው ደቂቃ ድምፁ እንደ አሮጌ በር መንቋረር ጀምሮ ነበር፤ ጨዋታው ግን አሁንም ባዶ ለባዶ ነው።

ያኔ ልጁ ከመጀመሪያው ረድፍ ተነሥታ ቆመች። “አባዬ፣ ዙር።”

“ተቀመጪ!”

“ዙር!” አለ ብረት በያጁም፣ ከበሮውን አንዴ መትቶ።

እነዚህ ሁለቱ ተማክረው ኖሯል። ሁለተኛው ረድፍ ተቀበላቸው፣ ከዚያ አሥረኛው፣ ከዚያ ትሪቡኑ በሙሉ። “ዙር! ዙር! ዙር!” ከበሮው ሥር ሥሩን ይከተላል። ለሃያ ሁለት ዓመት ሌላውን ሲያዘፍን የኖረ ሰው በሦስት ሺህ ጉሮሮ ሲታዘዝ ምን ያደርጋል? ማዶ ያሉት የኮሚቴ ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲንሾካሾኩ ታዩ። ጡሩምባው እጁን አወናጨፈ፣ ተቆጣ፣ ሊስቅ ምንም አልቀረው፣ ከዚያ ዞረ።

መጀመሪያ የገረመው ሜዳው መላጣ መሆኑ ነው። ሣሩ እዚህም እዚያም ተገሽልጧል። ቀጥሎ ዘጠኝ ቁጥሩን ፈለገ፤ ስሙን በዜማ ሲያሞግስ ግዙፍ ሰው አድርጎ ስሎት ነበር፤ ያገኘው ግን ጉልበቱን እያሸ የሚያነክስ ቀጫጫ ልጅ ነው። ‘ይኼ ነው እንዴ?’ አለ በሆዱ። ከዚያ ድምፁ መጣበት። ራሱ እየመራው ወደ ፊቱ ሲመጣ የኖረው ጩኸት አሁን ከጀርባው መታው፣ ጸጉሩን አቆመው። አልተበተኑም፤ ያለ እሱ እየዘፈኑ ነው። ደስ አለው፤ ትንሽም ቅር አለው።

የማዕዘን ምት ተሰጠ። ኳሷ ተሻገረች፣ የአንዱ ጭን ነካት፣ የሌላው ትከሻ፣ በመጨረሻ የዘጠኝ ቁጥሩ ጉልበት። ከዚያም ወደ ማደሪያዋ እንደምትገባ ዶሮ ቀስ ብላ ተንከባልላ መስመሩን አለፈች። መረቡ ወደ ኋላም ወደ ላይም አልሄደም። ምንም አልሆነም።

ጡሩምባው ሳቁ አመለጠው። ‘በዚህ ነው ሰው ሁሉ የሚያለቅሰው?’ እያለ ወደ ኋላው ዞረ። ደጋፊው በእቅፍ ተደበላልቋል። ልጁን ፈለጋት፤ ፊቷን አንዲት የማያውቃት ሴት ትከሻ ውስጥ ቀብራዋለች፣ የሚታየው ጸጉሯ ብቻ ነው። ቀና ስትል ፊቷ የወትሮው ቁጥብ ፊት ሆኗል። አንድ ለባዶ አሸነፉ።

ወደ ቤት ሲሄዱ፣ “እንዴት ነበር?” አለችው።

“አየሁት። ጉልበቱ ነው ያገባው፣ ልጁማ አላየም።” ትንሽ ሄዱ። “አንቺስ? ሲገባ እንዴት ሆንሽ?”

“እኔ እንጃ። ሰው የራሱን ፊት ያያል እንዴ?” ብላ ቀጠለች፤ “ሁልጊዜ ጎል ሲገባ መጀመሪያ የማየው አንተን ነው። አንተ ስላላየህ ልነግርህ ነው። ዛሬም ሳይህ ጀርባህ ነው ያለው።”

ጡሩምባው መንገዱ መሐል ቆመ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ለካ እሱ ነው። ያ ፊት የደጋፊ ሁሉ ፊት ይመስለው ነበር፤ ለእሱ ተብሎ የሚከፈት መሆኑን አንድ ቀን አላሰበም። የክለቡ የመጨረሻ ጎል ያ ከሆነ፣ ልጁ ልትነግረው ዞራ ያጣችው በዚያ ቀን ነው ማለት ነው። ያን ምሽት ክለቡ እንዳይፈርስ እንደ ልመና አድርጎ ፈለገው፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ፈልጎ አያውቅም።

ማክሰኞ ጠዋት የአስተዳደሩ አዳራሽ በደጋፊ ተጨናነቀ። ሰብሳቢዋ የውሳኔውን ወረቀት ከፊቷ አስቀምጣ መነጽሯን አወለቀች።

“ከማንበቤ በፊት አንድ ነገር ይንገሩኝና ልረፍ። እሑድ ያ ሁሉ ሰው ዙር እያለ የሚጮኸው ማንን ነው?”

ከፊት የቆመውን ጡሩምባውን ሁሉም በክርኑ ጎሸመው።

“እኔን ነው፣ ክብርት ሰብሳቢ።”

“ለምን?”

“ጎል እንዳይ።”

አዳራሹ ሳቀ። እሷም ሳቀች። “ታዲያ አዩ?”

“አየሁ። እውነቱን ልንገርዎት? ይህን ያህል የሚወራለት አይደለም።” ጉሮሮውን ጠረገ፤ የሰው ስም ሲያሞግስ እንጂ የራሱን ነገር ሲናገር ደጋፊዎቹ ሰምተውት አያውቁም። “ሃያ ሁለት ዓመት ጨዋታው ያመለጠኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ ከሁሉ የተሻለውን ቦታ ይዤ ነው የኖርኩት። ጎሉን አይቼ የልጄ ፊት አመለጠኝ። ብትፈቅዱ አንድ ጨዋታ ቢጨመርልኝ ነው የምለው፤ ጎሉን ሌላው ይየው።”

“ውሳኔው ትናንት ነው የተፈረመው” አለች ሰብሳቢዋ በለሰለሰ ድምፅ። “አሁን የሚጨመርም የሚቀነስም የለም።” መነጽሯን አጠለቀችና ወረቀቱን አነሣች።

ማንበብ ጀመረች። ሁሉም አንገቱን ወደ እሷ ሰገገ። ጡሩምባው ግን የከተማውን አስተዳደር ከነወረቀቱ ጀርባውን ሰጠውና ዞረ። ልጁ ከሁለት ሰው ኋላ ቆማ ከንፈሯን ነክሳ ትሰማለች። የሰብሳቢዋ ድምፅ ከኋላው ይመጣል፣ በአንቀጽና በቁጥር የታጨቀ ነው፤ እሱ አልተከታተለውም። ዐይኑን ከልጁ አልነቀለም።

ከዚያ ልጁ ከወረቀቱ ዐይኗን አንሥታ እሱን ፈለገችው። አገኘችው። ፊቷ ወለል ብሎ ተከፈተ፤ ጡሩምባውም ክለቡ መትረፉን ከእሷ ላይ አነበበ።