በጸጥታ ሰዓት የመጣ ምጥ

የሕንፃው ሕግ ደረጃው ግርጌ፣ ግድግዳው ላይ፣ በመስታወት ውስጥ ተሰቅሏል። ልብስ ሰፊዋ የቆጠረችው ፊደል ጥቂት ስለሆነ ሙሉውን አንብባው አታውቅም፤ የሚያስፈራው የቱ ጋ እንዳለ ግን ታውቃለች። ከምሳ በኋላ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት እስኪመለሱ፣ የጸጥታ ሰዓት ነው። መዶሻ የለም፣ ሬዲዮ የለም፣ የስፌት መኪና የለም፣ ደረጃ ላይ ቆሞ ወሬ የለም። ያጠፋ ተከራይ ሁለቴ ይነገረዋል፤ በሦስተኛው ዕቃውን ተሸክሞ ይወጣል።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ሕጉ ያለ ምክንያት አልወጣም። ግማሹ ነዋሪ ማታ ሠርቶ ቀን የሚተኛ ነው፦ ዳቦ ጋጋሪው፣ የፋብሪካ ፈረቃ ሠራተኞቹ፣ ከሰፊዋ ሥር ካለው ቤት ደግሞ የሆስፒታሏ ነርስ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ምን እንደሚሆን ሰፊዋም አታጣውም። ነገሩን ያከፋው አስከባሪው ነው። የኮሚቴው ሊቀመንበር ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው ጆሮ ብቻ ሆኗል። የላስቲክ ጫማውን አድርጎ ሳይሰማ ይመጣና፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ ጣል አድርጎ «እሽሽ!» ይላል። ልጆቹ «ጋሽ እሽሽ» አሉት፤ በዚያው ጸደቀ። ሚስቱም እንደዚያ ትጠራዋለች ይባላል፤ በሹክሹክታ ነው እንጂ።

ሰፊዋ ሁለቱን ጨርሳለች። የመጀመሪያው በስፌት መኪናዋ መጣ። የተማሪ ዩኒፎርም አጣድፏት ሰዓቱን ረስታ ስትረግጥ፣ ነርሷ ዓይኗ ደም መስሎ ወጥታ ከሰሰቻት። ሁለተኛው በድስት ክዳን ነው። ክዳኑ ከእጇ አመለጠና በተከፈተው በር ወጥቶ፣ ደረጃ ለደረጃ እየተንቃጨለ ወርዶ፣ ማን በር ላይ ቢቆም ጥሩ ነው? ጋሽ እሽሽ በር ላይ።

«ራሱ ሄዶ እጁን ሰጠ እኮ!» አለ ሹፌሩ ልጇ፣ ሆዱን ይዞ እየሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። «የስፌት መኪና አለኝ» ባለች ቁጥር አከራይ ሁሉ በር ሲዘጋባት የከረመች ሰው ናት። ይህን ቤት ያገኘችው ስንቱን ደጅ ጠንታ ነው። ከዚህ ብትወጣ የት ትሄዳለች?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርሃት አብሯቸው ምሳ ይበላ ጀመር። ሰሃኑ ሲነሳ ቤቱ ይለወጣል። የስፌት መኪናው ብርድ ልብስ ይለብሳል። ሰፊዋ በእጇ ጠርዝ ትቀመቅማለች፣ ቁልፍ ትተክላለች፣ የተበላሸ ስፌት ትፈታለች። መቀሱን እንኳ ጠረጴዛ ላይ አታኖረውም፤ ጭኗ ላይ ነው። በባዶ እግር ይኬዳል። ንግግሩም በምልክት ሆነ፦ ሁለት ጣት ከተነሳ ክር አቀብይኝ ነው፤ መዳፍ ከተገለበጠ ውሃ ጠማኝ ነው።

ሙሽሪት ወደዚህ ቤት የገባችው ያኔ ነው። የሹፌሩ ሚስት ናት፤ ካገባች ብትቆይም ሰው ሁሉ ሙሽሪት ማለቱን አልተወም። ሳቋ ከሩቅ የሚለይ ልጅ ነበረች። ሰፊዋ ቁጭ አድርጋ አስተማረቻት።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ልጄ። ሳቅሽ ሲመጣ ትራስ አለልሽ። ማስነጠስ ሲመጣ ክንድሽ አለልሽ።»

ልጅቷ ቶሎ ገባት፤ እንዲያውም ከአስተማሪዋ በለጠች። አንድ ቀን የእግሯ ጣት ከአልጋው ብረት ጋር ሲጋጭ ዓይኗ እንባ ሞላ እንጂ ትንፍሽ አላለችም። ሰፊዋም በልቧ «ይቺ ቤት ትጠብቃለች» ብላ ኮራች።

ነገሩ የሆነ ቀን ሹፌሩ ሩቅ መንገድ ላይ ነበር። የሙሽሪት ሆድ ገፍቶ ነበር፤ ሐኪሙ የነገራት ቀን ግን ገና ነው። ምሳ ላይ እህሉን በማንኪያ ስታገላብጠው ቆየችና ተወችው።

«አመመሽ እንዴ?» አለች ሰፊዋ፣ ሰዓቱ ሳይገባ ቶሎ ብላ።

«ትንሽ ወገቤን። ምጥ ይሆን እንዴ፣ እማ?»

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ! ምጥማ አገር ይሰማዋል። እኔ ያንቺን ባል ስወልድ ጎረቤቱ ቤት ተቃጠለ ብሎ ባልዲ ይዞ ነው የመጣው። ሂጂ ጋደም በይ።»

ሙሽሪት ፈገግ ብላ ወደ ውስጥ ገባች። በሩ ገርበብ አለ። ሰፊዋ የዩኒፎርም ቀሚስ ጭኗ ላይ ዘርግታ መቀምቀም ጀመረች። ከውስጥ ምንም አይሰማም። ተኝታለች፣ እሰየው፣ ብላ ክሯን ሳበች።

አንድ ቀሚስ ጨርሳ ሌላ ስታነሳ ውጭ ደረጃው ላይ የላስቲክ ጫማ ሲጎተት ሰማች። ሌላ ሰው አይሰማው ይሆናል፤ እሷ ግን ያን ድምፅ በእንቅልፏም ትለየዋለች። ጫማው ወጣ፣ ወጣና በሯ ላይ ቆመ። መርፌዋ ጨርቁ መሃል ቀረ። ከበሩ ሥር ባለችው ቀዳዳ ጥላው ገብቶ ወለሉ ላይ ተኝቷል። ምን ሰማ? ምን አጠፋሁ? ትንፋሿን ዋጠች። ልቧ ደረቷን ሲደልቀው እሱን ራሱ የሚሰማባት መሰላት። ጥላው አይንቀሳቀስም። ከዚያ ከውስጥ ክፍል አንዲት ነገር ጥርቅ አለች፤ የአልጋው ብረት ናት። ሰፊዋ ዓይኗን ጨፈነች። «ተኚ፣ ልጄ፣ አትገላበጪ፤ በወለደችሽ» አለች በሆዷ።

ጥላው ተነሳ። ጫማው እየተጎተተ ወረደ።

ልትቆጣት በጣቷ ጫፍ እየረገጠች ገባች።

ሙሽሪት አልጋው ላይ አልነበረችም። መሬት ተንበርክካ የአልጋውን እግር በሁለት እጇ አንቃዋለች። ትራሱ አፏ ውስጥ ነው፤ ጨርቁ ተተርትሮ ጥጡ ወጥቷል። ከሥሯ ወለሉ ርሷል። የእንሽርት ውሃ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ደምም አለበት። ቀና ብላ አየቻት። ፊቷ ላብ በላብ ሆኖ ከንፈሯ ነጥቷል።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ሰፊዋ ግን የፈራችው ሌላ፣ የደረሰው ሌላ። እርጥቡ ወለል ላይ አጠገቧ ተንበረከከች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው? ለምን አልጠራሽኝም?»

ሙሽሪት ትራሱን ከአፏ አወጣች። «ሰዓቱ ነው፣ እማ» አለች በትንፋሿ። «ሦስተኛ ይሆንብናል።» ወዲያው መጣባትና ትራሱን መልሳ ነከሰችው። መላ አካላቷ እንደ ገመድ ተወጠረ። ድምፅ የለም። ሰው እንዲህ ሆኖ ዝም ሲል ማየትን የመሰለ የሚያስፈራ ነገር ሰፊዋ በዕድሜዋ አልገጠማትም።

ስልኳን አንስታ አምቡላንስ ደወለች።

«ሃሎ፣ እርዱኝ፣ ምራቴ ምጥ ላይ ናት፣ ደም…»

«ሃሎ? አይሰማም» አለ ሰውዬው።

«ምራቴ፣ ምጥ…»

«ጮክ ብለው ይናገሩ፣ ምንም አይሰማም!» አለና ዘጋው።

ስልኩን አየችው። ለካ በሹክሹክታ ነው የምታወራው! ጉሮሮዋ ራሱ ሕጉን ለምዷል። መልሳ ደወለችና አፏን ስልኩ ላይ ለጥፋ ተናገረች። አሁን ሰማት። ይመጣል፤ ግን መኪናዎቹ ሁሉ ወጥተዋል፣ እስኪደርስ ሰው ካለ ይርዳት፣ አለ።

ሰው። ያለችው ሰው ነርሷ ናት። ያቺው የከሰሰቻት።

በባዶ እግሯ ወረደች፤ የነርሷ በር ላይ ቆማ በጣቷ ጫፍ ጠቅ ጠቅ አደረገች። መልስ የለም። ነርሷ ጆሮዋን በጥጥ ደፍና እንደምትተኛ ሕንፃው ሁሉ ያውቃል። ደግማ ጠቅ ጠቅ። ጆሮዋን ወደ ላይ ጣለች። ከላይ፣ ከቤቷ፣ ምንም የለም። ሞታስ እንደሆነ? ሞታም ከሆነ እኮ አይሰማም! ይህ ሐሳብ ሲመጣባት ሁለት እጇን ጨብጣ በሩን ደለቀችው።

«ክፈቺ! ስለ ፈጣሪ ክፈቺ!»

ከታች በር ተከፈተ፤ ጋሽ እሽሽ እየሮጠ ወጣ። ጣቱ ከንፈሩ ላይ ቀድሞ ደርሷል።

«እሽሽ! ወይዘሮ፣ ሰዓቱን አያውቁም? ሁለት ጊዜ ተነግሮዎት…»

«ይጻፉብኝ!»

«ሦስተኛ እኮ ነው!»

«አራተኛም ይጻፉ!» አለችና በሩን በእግሯ ደገመችው።

ነርሷ ከፈተች። ጸጉሯ ቆሟል፤ ጥጡ ካንድ ጆሮዋ ተንጠልጥሏል። «አሁንም የስፌት መኪናው ነው?» አለች። ኋላ የሰፊዋን ፊት አየች፤ ቀጥላ ቀሚሷ ላይ ያለውን ደም አየች። ሌላ አልጠየቀችም፤ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለች ወጣች።

«ከጀመራት ምን ያህል ሆነ?» አለች ተንበርክካ እያየቻት።

«አላውቅም።»

«እንዴት አያውቁም፣ እትዬ? እዚሁ ተቀምጠው?»

«አልጮኸችማ!» አለች ሰፊዋ። ይህን ስትል አፏ ውስጥ መረራት።

ነርሷ እጇን ታጥባ ነካክታ አየች፤ ፊቷም ተለወጠ። «ደርሷል። እትብቱ አንገቱ ላይ ሳይጠመጠም አይቀርም። አሁኑኑ መውጣት አለበት።» ዞር ብላ በሩ ላይ የተገተረውን ጋሽ እሽሽን ጮኸችበት። «እርስዎ! ሙቅ ውሃ፣ ንጹሕ ፎጣ! ምን ያፈጣሉ?» ሰውየው ወረደ። የላስቲክ ጫማው አንዱ ደረጃው ላይ ቀረ።

«በይ ግፊ፣ እህቴ። ትራሱን ተፊው። ጥርስሽን አላቂ! ላይሽ ሲቆለፍ ታችሽም ይቆለፋል። አፍሽን ክፈቺና ድምፅሽን አውጪው።»

ሙሽሪት ትራሱን ተፋች፤ አፏ ግን እምቢ አለ። መጣባት። ከንፈሯ ተገጠመ፣ አንገቷ ሥር በሥር ሆነ፣ ትንፋሿ ጉሮሮዋ ላይ ቀረ። ዓይኗ በሩ ላይ ነው።

«ኧረ ጩኺ! ልጁ እየታፈነ ነው!» አለች ነርሷ።

ሙሽሪት ራሷን ነቀነቀች። አልችልም ማለቷ ነው። እምቢታ አልነበረም፤ መንገዱ ጠፍቷት ነው።

ሰፊዋ ጎኗ ተንበርክካ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። «ልጄ፣ እኔን እይኝ። እኔ ነኝ ዝም ያሰኘሁሽ። አሁን እኔን ስሚኝ።» አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ባላት ሆድና ሳንባ ኡኡ አለች። የመስኮቱ መስታወት ነዘረ። ታች ያለ ውሻ መለሰላት። ትንፋሽ ሰብስባ ደገመችው። በሦስተኛው ላይ ሌላ ድምፅ አብሯት ተነሳ፤ ወፍራም፣ ከመሬት ሥር የሚመጣ የሚመስል። የሙሽሪት ነበር።

«እንዲያ! ግፊ! አታቋርጪ!»

በሮች ተከፈቱ። ዳቦ ጋጋሪው በፒጃማ፣ የፈረቃ ሠራተኞቹ ጫማ ሳያደርጉ፣ ሁሉም ወጡ። «ማነው የሚገደለው?» እያሉ ደረጃውን ሞሉት። ጋሽ እሽሽም ፎጣ ታቅፎ፣ ማንቆርቆሪያ ይዞ፣ ባንድ ጫማ መጣ።

ሕፃኗ ወጣች። ሰማያዊ ነበረች። ነርሷ እትብቱን ከአንገቷ ፈታች፣ አፏን ጠረገች፣ ጀርባዋን በፎጣ አሸች። ምንም የለም። ገልብጣ ውስጥ እግሯን መታች። ምንም። ክፍሉም ደረጃውም ጭጭ አለ፤ ያ ሁሉ ሰው አንድ ላይ ትንፋሹን ያዘ። ሰፊዋ በዚያ ቤት ስትኖር እንደዚያ ያለ ጸጥታ ሰምታ አታውቅም።

«አልቅሺ» አለች ሙሽሪት። ድምፅዋ ሻክሯል። «እማ፣ አልቅሺ በያት!»

ነርሷ አፏን በሕፃኗ አፍና አፍንጫ ላይ ገጥማ ቀስ ብላ እፍ አለች። ደግማ እፍ አለች። ያቺ ትንሽ ደረት ተነሳች፣ ወረደች፤ ከዚያ ራሷ ተነሳች። በር ላይ የተረሳች ድመት የመሰለ ቀጭን ድምፅ ወጣ። ቀጥሎ ሌላ፣ ወፈር ያለ።

ጋሽ እሽሽ ማንቆርቆሪያውን ለቀቀው።

አምቡላንሱ ሲደርስ ሙሽሪትን በብርድ ልብስ አድርገው አወረዷት፤ ደሟ ቀንሷል እንጂ ጨርሶ አልቆመም። ሰፊዋ ሕፃኗን ታቅፋ ከኋላ ስትወርድ ጋሽ እሽሽ ግድግዳ ተጠግቶ አሳለፋት።

«ስለ… ስለ ሕጉ እንግዲህ፣ ከኮሚቴው ጋር እንነጋገርበታለን» አለ፤ በራሱም ያፈረ ይመስላል።

«እንነጋገራለን» አለች ሳትቆም። «ግን ጮክ ብለን ነው።»

በመኪናው ውስጥ ነርሷ የሌሊት ልብሷን ሳትለውጥ የሙሽሪትን ሆድ ታሻለች። «ወደ ጥሩው ነው» አለች። «ሆስፒታል ስንገባ ደም ይሰጧታል። አይፍሩ።» ሰፊዋ እሺ አለች። ሙሽሪት ዓይኗን ገለጥ አድርጋ «ቤቱስ፣ እማ?» አለች።

«ቤት ይፈለጋል። ዝም… አይ፣ ዝም አትበይ። አውሪኝ። የመጣልሽን አውሪኝ።»

ሕፃኗ በሙቀቱ ተመችቷት እንቅልፍ ወሰዳት። ፊቷ ቀልቷል፤ ደረቷ ሲወጣና ሲወርድ በፎጣው ላይ ይታያል። ሰፊዋ ግን ማየቱ አልበቃትም። ከጥፍሯ የማትበልጥ የእግር ጣቷን ፈልጋ ቆንጠጥ አደረገቻት። ሕፃኗ ጮኸች።

«ኧረ ይተዉአት፣ እትዬ፣ ትተኛ!» አለች ነርሷ።

«እሺ» አለች ሰፊዋ። ትንሽ ቆየችና መልሳ ቆነጠጠቻት።